እንኳን አደረሳችሁ! ሥዕል ይዤ መጥቻለሁ

እንኳን ለ2017 በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉ ረቡዕ ስለዋለ ዶሮው ለነገ ተቀጥሯል። ዛሬ ቤታችን ቄጤማ፣ ቡናና ሽሮ ነው። የእኔ እጅ ደግሞ እስከ ክርኔ ቢጫ ቀለም።

ዘንድሮ 12ኛ ክፍል እገባለሁ። «ይሄን አክለህ እንቁጣጣሽ ታዞራለህ?» ያላችሁኝ ጓደኞቼ፣ አዎ አዞራለሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድም ዓመት አላሳለፍኩም። በኮሮናው ዓመት እንኳ በበር ሥር አሾልኬ ነው የሰጠሁት።

ችግሩ የማዞርበት ሰፈር ነው።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሁሌም ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እማማ ነበሩ። ከአራት ኪሎ ወርጄ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ በጠዋት በራቸውን አንኳኳለሁ። አንድ ብር ጀምረው 50 ብር ደርሰው ነበር። ሥዕሎቹን በተርታ ግድግዳቸው ላይ ለጥፈዋቸዋል። ክንፉ ከራሱ የሚበልጥ መልአክ አለ። አምስት እግር ያለው ፈረስም አለ። (አምስተኛው ጅራቱ ነው። እስከ ዛሬ ማንም አላመነኝም።)

አምና በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ፈረሰ። እማማ ገላን ጉራ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ዕቃ የሚጫን ቀን ላግዝ ስሄድ፣ ቢላ ይዘው ከግድግዳው ጋር ሲታገሉ አገኘኋቸው። በሊጥ ስለተለጠፉ ሥዕሎቹ ጭቃውን ይዘው ነው የሚመጡት። ከአስራ አንዱ አስሩ ተቀደዱ።

«ይተዉት እማማ፣ ሌላ እስልልዎታለሁ» አልኳቸው።

«አንተማ ትስላለህ። የሁለተኛ ክፍሉን ልጅ ከየት አመጣዋለሁ?»

ዝም አልኩ። የተረፈውን ፈረስ በብርድ ልብስ ጠቅልለው መኪናው ላይ ወጡ።

ሰሞኑን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጣ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ቤታችን ከሽሮው ቀድሞ ቀረበ። እናቴ «ብሩሹን እስከ ሰኔ እቆልፍበታለሁ» አለች። እኔም ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና ሊማር እንደነበር ነገርኳት። «እሱ መጀመሪያ ተልኳል፤ አንተ መጀመሪያ እለፍ» አለችኝ። ምን ይባላል?

ቅዳሜ ከሰዓት ለሥዕል ተፈቅዷል። የምመኘው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ነው። እዚያ ለመግባት መሳል ብቻውን አይበቃም፣ ፈተናውም መታለፍ አለበት። ስለዚህ ዘንድሮ ከፊዚክስ ጋር ታርቀናል። በግድ።

የባዮሎጂ መምህሬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደብተሬ ጠርዝ ላይ ስሞነጫጭር ይዘውኝ ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጠመኔ ሰጥተው ልብን ሰሌዳ ላይ አስሳሉኝ። ቀኝና ግራው የገባኝ ያን ቀን ነው። አንተ ደግሞ ጓደኛዬ፣ ቤታችሁ ከፈረሰ በኋላ በሁለት ታክሲ እየተመላለስክ አንድ ቀን ያልቀረኸው፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ሒሳብ ያስረዳኸኝ፣ ያንተን ግማሽ ጽናት ይስጠኝ።

ዛሬ በራችሁን የሚያንኳኳ ልጅ ፎቶኮፒ ይዞ ቢመጣ አትመልሱት፣ በዓል ነው። በእጁ የሳለውን ይዞ ከመጣ ግን እባካችሁ ጨምሩለት። አምስት እግር ቢኖረውም።

እማማ አሁን ደውለው ነበር። የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ምስማር አልቀበል ብሏቸዋል። «ፕላስተር ይዘህ ና» ብለውኛል። ታክሲ ልያዝ።