ጎንደር ላይ ግንቡ ባይኖር ባጃጁ ባሞኘኝ ነበር
አውሮፕላኑ አዘዞ አረፈ፣ ከተማ ገባሁ፤ ስለዚያ የምለው የለኝም። የምናገረው ስለ ባጃጁ ነው። ከጃንተከል ፒያሳ በኮንትራት 150 ብር ተስማማን፤ የፋሲል ግንብ አጥር ግን ሁለት ጊዜ በዚያው ጎኔ አለፈ። መዞሬን ያሳበቀው አጥሩ ነው።

አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ኬቨን ሊንች በ1960 እ.ኤ.አ. ሰው ከተማን በአእምሮው የሚይዘው በአምስት ነገሮች ነው ብሎ ነበር፦ መንገድ፣ ጠርዝ፣ ሰፈር፣ መጋጠሚያና ምልክት። ጎንደር መሃል አምስቱም አሉ። 900 ሜትር ያህል የሚረዝመው የነገሥታቱ ግቢ አጥር ጠርዝ ነው፤ የጃንተከል ዋርካ ምልክት፣ ጣሊያን የሠራው ፒያሳ መጋጠሚያ። መንገድ የጠየቅኳቸው እናት «ልጄ፣ ግንቡን ይዘህ ሽቅብ ውጣ፣ ፒያሳ ያወጣሃል» ብለው ጨረሱት። እኔ የምኖርበት የአዲስ አበባው አያት ኮንዶሚኒየም ግን ብሎኩ ሁሉ አንድ መልክ ስለሆነ እንግዳ በስልክ እየተመራ ይንከራተታል። ወደ አዘዞ ሲወረድም ጎንደር እንደዚያው ትሆናለች፤ ረጅም መንገድ፣ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ጥቂት።

ሰው ከተማውን በአእምሮው እንዴት እንደያዘ መለካት ርካሽ ነው። ለሠላሳ ያህል ነዋሪዎች ባዶ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ ከቤታቸው እስከ ቅዳሜ ገበያ ያለውን መንገድ በአሥር ደቂቃ ማሳል ነው። የታተመ ካርታ ከታየ ይገለብጡታል፤ ሾፌርና አስጎብኚ ብቻ ከተጠየቀ በእግር የሚሄደው ሰው መንገድ ይቀራል። መሳል የማይወድ በቃሉ ይናገር፣ የጠራቸው ምልክቶች በቅደም ተከተል ይጻፉ። ርቀቱን ግን ከሥዕሉ መውሰድ አይገባም፤ ትውስታ ጠመዝማዛውን መንገድ ያቃናዋል። የሚታመነው ምን እንደተሳለና ከምን ቀጥሎ እንደመጣ ነው። ብዙ ሰው የሳለው እንዳይነካ ይጠበቃል፤ ሥዕሎቹ የሚጣረሱበት መታጠፊያ ደግሞ ታፔላ ይተከልለታል።

ታፔላው መታጠፊያው ላይ ሳይደረስ መታየት አለበት፤ ካለፉ በኋላ የሚነበብ ታፔላ ብረት ማባከን ነው። ስምም አይታጨቅበት፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኔልሰን ኮዋን በ2001 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው አእምሮ በአንዴ የሚይዘው አራት ያህል ነገር ነው። የሕንፃ ፈቃድ ሲሰጥም ወለል ከመቁጠር ባሻገር ከየትኞቹ መጋጠሚያዎች ግንቡን እንደሚጋርድ ቆሞ ማየት ይገባል፤ ግንቡ ከተጋረደ የታፔላ ብዛት አይተካውም።