ጋሼን ያስፈቱት ወረቀቶች

የመጀመሪያውን ማመልከቻ በአንድ ሌሊት ጻፍኩት። ስድስት ገጽ። እያለቀስኩ ነበር የጻፍኩት፤ የሚያነበውም እንዲያለቅስ ብዬ።

ጋሼ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል እስር ቤት ከተፈረደባቸው 12 ዓመት ስምንቱን ጨርሰው ነበር። ሳንባቸው ላይ የወጣው ካንሰር ወደ አጥንታቸው መዛመቱን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ በስልክ። ስልኩ በ15 ደቂቃ ይቆረጣል። አሥራ አራቱን ስለ ልጆቼ ሲጠይቁኝ ቆይተው የራሳቸውን ነገር ለመጨረሻዋ ደቂቃ አስቀሩት።

እስረኛ የማይድን በሽታ እንዳለበት ሲረጋገጥ፣ እስር ቤቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ለቤተሰቡ ማሳወቅ እንዳለበት ሕጉ ያዛል። ለእኛ የደወለ የለም። ሕጉ መኖሩን ያወቅኩትም በኋላ ነው።

ኮምፓሽኔት ሪሊስ የሚሉትን፣ በርኅራኄ መፈታትን፣ ከይቅርታ ጋር አምታትቼው ነበር። ይቅርታ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው። ይሄኛው ግን የፈረደው ፍርድ ቤት ራሱ ቅጣቱን እንዲቀንስ የሚጠየቅበት መንገድ ነው። በ2018 ፈርስት ስቴፕ አክት የሚባለው ሕግ እስኪወጣ ድረስ ዳኛውን መጠየቅ የሚችለው የእስር ቤቶች አስተዳደር ብቻ ነበር። አሁን እስረኛው ራሱ ይችላል። መጀመሪያ ግን ለዋርደኑ፣ ማለትም ለእስር ቤቱ ኃላፊ፣ ማመልከት አለበት። ዋርደኑ ጥያቄው ከደረሰው 30 ቀን ካለፈ ወደ ዳኛው መሄድ ይቻላል። ለዋርደኑ ቤተሰብም በእስረኛው ስም መጻፍ ይችላል።

እኔስ ምን ጻፍኩ? ሦስት ገጽ ሙሉ «ጋሼ ጥፋት የለባቸውም፣ ጓደኞቻቸው ናቸው ጉድ የሠሯቸው» ብዬ ተከራከርኩ። ሕመማቸው ግማሽ ገጽ ደረሰው። ሲፈቱ የት ይኖራሉ ለሚለው «ከቤተሰባቸው ጋር» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በተራ ፖስታ ላክሁት። መቼ ደረሰ? ጭራሽስ ደርሷል? በእጄ ምንም ማስረጃ የለም። 30 ቀኑን ከየት ጀምሬ ልቁጠር? አምስት ሳምንት እንደ ቀልድ ሄደ።

ያነቃችኝ አንዲት የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ናት። ስድስቱን ገጽ አንብባ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ሌሊት ቢያማቸው ማን ነው የሚነሳው?»

ዝም አልኩ።

ሁለተኛውን ማመልከቻ ከዚያ ጥያቄ ጀመርነው። ጋሼ የሕክምና ማስረጃቸውን በኮፕ አውት ጠየቁ፤ እስረኞች ለሠራተኛ ጥያቄ የሚያቀርቡበትን ቅጽ እንዲህ ነው የሚሉት። ሐኪሙ «ስንት ወር ቀራቸው» ብሎ መገመት እንደሌለበት ያኔ ተረዳሁ። ዳኞች የሚከተሉት መመሪያ የተዛመተ ካንሰርን በምሳሌነት ይጠቅሰዋል፣ የቀረውን ዕድሜ በቁጥር አይጠይቅም።

ከዚያ የመኖሪያው ነገር። ሜትር ይዤ ቤቴን ለካሁ። ምድር ቤት ያለው ክፍል፣ ደረጃ የለውም። ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤት 6 እርምጃ። ለሕክምናው የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀበላቸው፣ ወጪው በምን እንደሚሸፈን፣ ሁሉንም በወረቀት አያያዝን። የድጋፍ ደብዳቤዎችም መጥተው ነበር፣ አሥራ አራት። አሥራ ሦስቱ «ደግ ሰው ናቸው» ይላሉ። አንዷ የጎረቤቴ ናት፤ «ማክሰኞና ሐሙስ እኔ ሆስፒታል እወስዳቸዋለሁ፣ መኪና አለኝ» ትላለች። ጠበቃዋ እሷን ከላይ አደረገቻት።

ስለ ጥፋቱ የጻፍኩት ሦስት ገጽ ወጣ። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያስወጡት። «አንተ ልጅ፣ እኔ የሠራሁትን እኔ አውቃለሁ፤ አትዋሽልኝ» አሉኝ። በምትኩ ራሳቸው በእጃቸው አንድ ገጽ ጻፉ። ማንን እንደጎዱ በስም ጠርተው። እኔ እንኳ የማላውቀው ነገር ነበረበት።

ይሄኛው የሄደው ተቀባዩ መድረሱን የሚፈርምበት ካርድ ባለው ፖስታ ነው። የተፈረመበት ካርድ ሲመለስልኝ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ ቀን ቆጠርኩ። ዋርደኑ እምቢ አሉ። ወደ ዳኛው ሄድን። ዓቃቤ ሕጉም ተቃወመ፤ ብዙ ጊዜ ይቃወማሉ፣ ልብ አይውደቅ። መታመም ብቻውን አያስፈታም። ዳኛው የወንጀሉን ክብደት፣ የታሰሩበትን ጊዜ፣ ቢወጡ ለሌላ ሰው ያሰጋሉ ወይ የሚለውንም ይመዝናሉ። የጋሼ አንድ ገጽ የጠቀመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ውሳኔው ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል።

ጋሼ የአሜሪካ ዜጋ ናቸው። ዜጋ ላልሆነ ሰው ሌላ ጣጣ አለ። ኢሚግሬሽን ዲቴይነር፣ ማለትም «ሲፈታ ለእኛ አስረክቡን» የሚል ጥያቄ፣ ካስቀመጠበት፣ ከእስር ሲፈታ ለእነሱ ሊተላለፍ ይችላል። ዘመዳችሁ እንደዚያ ከሆነ ማመልከቻውን ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ለጠበቃው ንገሩት።

የመጡ ቀን ዕቃቸው በአንዲት የመረብ ከረጢት ነበር፤ መነጽር፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የተጣጠፈ የማመልከቻው ቅጂ። ክፍሉን አሳየኋቸው። አልጋው ላይ ጥቂት ተቀመጡ፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ነበር።

በሩን ይዘው ዞር አሉ።

«ስድስት ብለህ አይደል የጻፍከው?» አሉኝ። «ዘጠኝ ነው።»