የያዘኝን ገለጠልኝ

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። እመቤቴ ኪዳነ ምሕረትም ክብር ይግባት። ዛሬ እንጀራ ጎርሼ እውጣለሁ።

ሕመሙ ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ደረቅ ዳቦ፣ ቀጥሎ ሥጋ፣ በኋላ እንጀራው ራሱ አልወርድ አለኝ። አያመኝም፤ ብቻ ጉሮሮዬ ላይ ቀጥ ይላል። በአጥሚትና በሾርባ ከረምኩ። ሰው ያጎርሰኛል ብዬ እየፈራሁ ከድግስ ቀረሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ቁርባኑ ነው። ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ ቢያንቀኝስ? ቢያስለኝና ከአፌ ቢወጣስ? ይህን ፈርቼ መቁረብ አቆምኩ። ሌሎች ሲቀበሉ እያየሁ አለቅስ ነበር።

አንዷ ጎረቤቴ ዓይነ ጥላ ነው አለች፤ ሌላዋ ጭንቀት ነው። ጸበል ተጠመቅሁ፣ ጠጣሁም። ጸሎቴ አጭር ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ የያዘኝን ግለጥልኝ።» የንስሐ አባቴም «ልጄ፣ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፤ ሂጂ» አሉኝ።

የገለጠልኝ በአንድ ወጣት ሐኪም በኩል ነው። ጉሮሮዬን ሳያይ «እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» አለኝ። ጥፍሮቼ መሃላቸው ጎድጉዶ እንደ ማንኪያ ሆነዋል። ምላሴ ልሙጥና ቀይ፣ የአፌ ዳርና ዳር የተሰነጠቀ። ከዚያ ስለ ወር አበባዬ ጠየቀኝ። ለዓመታት ሲበዛብኝ ኖሯል። ደሜ ሲመረመር ሄሞግሎቢኔ፣ ማለት ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል፣ 6 ሆነ። ለሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው።

ሕመሙ ፕለመር ቪንሰን ይባላል። ሐኪሞች ዋና መነሻው የአይረን፣ ማለት ደም የሚሠራበት የብረት ማዕድን፣ እጥረት ነው ይላሉ። የምግብ ቧንቧው ላይኛው ክፍል ላይ ስስ ሽፋን ይበቅልና መተላለፊያውን ያጠበዋል። በብዛት የሚታየው በመካከለኛ ዕድሜ ባለን ሴቶች ላይ ነው። በኢንዶስኮፒ፣ ማለት በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ የጠበበውን አሰፉልኝ። የአይረን ኪኒን ለወራት ወሰድኩ፤ ከቡናና ከሻይ አርቄ፣ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር። ሰገራ ያጠቁራል፣ እንዳትደነግጡ። የወር አበባውም ታከመልኝ።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት ቆረብኩ። የቅዳሴ ጸበሉንም ተከትዬ ጠጣሁ። ምንም አልያዘኝም! እልል በሉልኝ!

ይህ ሕመም የነበረበት ሰው በጉሮሮና በምግብ ቧንቧ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከፍ ስለሚል ክትትሌን አላቋርጥም። መዋጥ ያቃታችሁ እህቶቼ፣ ጸበላችሁን ጠጡ፤ ደማችሁንም አስመርምሩ። እኔንም በጸሎታችሁ አስቡኝ፤ ስመ ክርስትናዬ ወለተ ማርያም ነው።