ጥፋቱ ጨው ላይ ተጻፈ

መዝገቡ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ነው፦ «ኤፕሶም ሶልት የደንበኛ እግር አቃጠለ።» በማግስቱ የጨው ባልዲው ከእግር መንከባከቢያው ክፍል ወጣ፤ ኃላፊያችንም ነገሩን በዚሁ ዘጋው። ቴርሞሜትር ይገዛ ያልነው ግን ሰሚ አላገኘም። ያ መስመር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እውነት አይደለማ! እውነት ስላልሆነም ያው አደጋ ነገ በተራ ውሃ ሊደገም ይችላል።

ኤፕሶም ሶልት እንዲያ አያቃጥልም። ማግኒዚየም ሰልፌት ነው፤ ከገበታ ጨው ጋር የሚያመሳስለው መልኩ ብቻ ነው። የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ይቆጠቁጥ ይሆናል እንጂ ውሃ የቋጠረ ቁስል አያወጣም። ሲሟሟ እንዲያውም በጥቂቱ ከውሃው ሙቀት ይወስዳል።

ደንበኛዋ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ እናት ናቸው፤ ተረከዛቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሳፋው ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ውሃ ቀዳች፤ ግማሽ ኩባያ ጨው ጨመረች፤ 120 ግራም ግድም ማለት ነው። ልኩ ትክክል ነበር። ጨዉ ግን ሳፋው ሥር ተኛ። ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ እንዲሟሟላት ብላ ከማንቆርቆሪያው የፈላ ውሃ ደፋችበት። ምንም አያስፈልግም ነበር። አንድ ሊትር ያልሞቀ ውሃ እንኳ ከግማሽ ኪሎ በላይ የዚህን ጨው ያሟሟል። ለ120 ግራም የሚያስፈልገው ማማሰል ብቻ ነው፤ የጨው ፍሬው እግር ሥር እስከማይንኮሻኮሽ ድረስ። ያልሟሟ ፍሬ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ የሳሳ ቆዳ ይጭራል፤ ስለዚህ ማማሰሉ ለወጉ የሚደረግ አይደለም።

ከዚያ እጇን ነክራ «ለብ ያለ ነው» አለች። ሁለት ጓንት ደርባ ነበር። ድርብ ጓንት ሙቀቱን ያዘገየዋል፤ እጅን አስገብቶ ወዲያው ማውጣት ምንም አይናገርም። እግሮቹ ገቡ።

«እማማ፣ ይሞቅዎታል?»

«ኧረ ደህና ነው ልጄ። እንዲያውም በረድ ብሏል፤ ጨምሪበት።»

ጨመረችበት።

ይህን ንግግር ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት። ልጅቷ አልተዘናጋችም፤ ጠይቃ ነው የጨመረችው። እናትየውም አልዋሹም። የተጠየቀው ግን ሙቀት የማያውቅ እግር ነው። ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የስኳር ሕመም ሲቆይ የእግር ነርቭን ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ ከጣቶች ጫፍ ይጀምርና ካልሲ እንደሚለበስበት ወደ ላይ ይወጣል። ሕመም የለውም ብሎ ዝም የሚል እግር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ስኳር አለብዎት ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀይ መስመር አየሁ፤ ልክ ውሃው የቆመበት ላይ። ክርኔን ብነክር ሦስት እስክቆጥር አልቻልኩም። ሙቀትና ጊዜ እዚህ ላይ ተባባሪ ናቸው፦ 44 ዲግሪ ሴልሺየስ ቆዳን ለመጉዳት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ 49 ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ 60 ላይ አምስት ሰከንድ። የሚሰማው እግር 49 ውስጥ አሥር ደቂቃ አይቀመጥም፤ ራሱ ይሸሻል። የእሳቸው አልሸሸም።

አውጥተን ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ አፈሰስንበት። በረዶ አላስነካነውም፤ የደነዘዘ እግር በረዶም ያቆስለዋልና። ቅባትም የጥርስ ሳሙናም አልቀባነውም። በንጹሕ ጨርቅ ለቀቅ አድርገን ሸፍነን በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ላክናቸው። እንዲህ ያለ እግር ላይ ትንሽ ቃጠሎ ትንሽ አይባልም፤ ለነገ አይባልም።

ድነው ተመለሱ። መጀመሪያ ያሉኝ «ያንን ጨው አነሱት አሉ፤ ምን አደረጋቸው? እኔን እንደሁ አላቃጠለኝም» ነበር። ለጨዉ የመሰከሩለት እሳቸው ብቻ ናቸው። የምስክርነቱ ምክንያት ግን ያው ለቃጠሎ የዳረጋቸው የእግራቸው መደንዘዝ መሆኑ አንጀቴን በላው።

ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉ። ዓይንዎን ይጨፍኑና ስነካዎት «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉኝ አልኳቸው። ይህ ፍተሻ መሣሪያ አይፈልግም። በሌባ ጣት ጫፍ የእግሩን ጣት ጫፍ ላባ እንደማሳረፍ ያህል ነካ ማድረግ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ብቻ። መጫን፣ መጎንተል፣ መዳሰስ የለም፤ አልሰማ ካለም ያንኑ ጣት ደግሞ መንካት አይፈቀድም። ከእያንዳንዱ እግር አውራ ጣቱ፣ መካከለኛውና ትንሹ ይነካሉ፤ በድምሩ ስድስት ቦታ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማ እግሩ ስሜቱን አጥቷል ተብሎ ይያዛል።

ስድስቱንም ነክቼ እጄን ሰበሰብኩ። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፈገግ ብለው ጠበቁኝ።

«ጀመርሽ እንዴ ልጄ?»

መልስ አጣሁ። ቆይቼ ጨርሻለሁ ስላቸው ዓይናቸውን ገልጠው እግራቸውን አዩት፤ የሌላ ሰው እግር እንደሚያዩ።

ለእንዲህ ያለ እግር በጨውም ያለ ጨውም ነክሮ ማቆየት አይሆንም። ብዙ የቆየ እርጥበት ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ስንጥቁ ይብሳል። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥቦ፣ በጣቶቹ መሐል ያለው እርጥበት በደንብ ተደርቆ፣ ተረከዙ ቅባት ይቀባል። በጣቶቹ መሐል ግን ቅባት አይገባም። ይህንን ስነግራቸው «እንግዲያው ካልነከርኩበት ልጠጣው?» አሉኝ። ለሆድ ድርቀት ይጠጣል መባሉን ሰምተዋል። ይጠጣል፤ ለጤነኛ አዋቂ ከ2 እስከ 4 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ያውም ሽታና ቀለም ያልገባበትና ለመጠጥ እንዲሆን ማሸጊያው ላይ የተጻፈበት ከሆነ ነው። ውሃ ወደ አንጀት ስቦ በግማሽ ሰዓትና በስድስት ሰዓት መካከል ያስወጣል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ማግኒዚየሙ ከደም አይወጣለትም፤ ሲከማች ጡንቻ ያዝላል፣ የደም ግፊት ይጥላል፣ ሲብስ ትንፋሽ ያዘገያል። ስኳር ደግሞ ኩላሊትንም አይምርም። ሐኪምዎን ሳይጠይቁ እንዳይሞክሩት አልኳቸው፤ እግራቸውንም በደንብ እንዲያሳዩ።

ስሜቱ ጤነኛ ለሆነ እግር ግን ጨዉን የምነሳበት ምክንያት የለኝም። አምስት ሊትር ውሃ፣ 37 ወይም 38 ዲግሪ፤ ግማሽ ኩባያ ጨው ተማስሎ፤ 15 ደቂቃ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፤ አለዚያ ጨዉ ቆዳው ላይ ደርቆ ያሳክካል። ለገላ ገንዳ ሁለት ኩባያ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል ይጨመራል። ይህ 150 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲገባ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ የሳሳ ነው። ስለዚህ ማግኒዚየሙ በቆዳ ገብቶ ጡንቻ ያፍታታል የሚለውን ለደንበኛ አንነግርም፤ በበቂ ማስረጃ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። የሚያፍታታው በዋናነት ሙቀቱና ዕረፍቱ ነው። ለተረከዝ ማሻሻ አንድ ኩባያ ጨው ከሩብ ኩባያ ዘይት ጋር ይለወሳል፤ ዕቃው ውስጥ እርጥብ እጅ ከገባ ጨዉ ሟሙቶ ድንጋይ ይሆናል፤ በደረቅ ማንኪያ ነው የሚቀዳው። ፊት ላይና ቁስል ላይ አናሻውም።

ልጅቷ አሁንም አብራኝ ትሠራለች። ቴርሞሜትሩን ከራሷ ኪስ ገዝታ መጣች፤ ውሃ የማይገባው፣ በክር ሳፋው ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል። የጨው ባልዲውም ተመልሷል። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ተንበርክካ ስለ ስኳርና ስለ ኩላሊት ትጠይቃለች፤ ከዚያ ጓንቷን አውልቃ «ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» ትላለች። ስድስተኛው ጣት እስኪነካ ሳፋው ባዶውን ይቀመጣል።