ክር መጠቅለያ የሌለው ዘንግ በቤተሰባችን

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ ወይም ፍላይ ፊሺንግ ለብዙ ዓመታት ብቻዬን የማዘወትረው ነገር ነበር። ልጆቼን ይዤ ወደ ወንዝ መውረድ ስጀምር ግን እጄ ለምዶት ያለ ሐሳብ የምሠራው ሁሉ ለእነሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ተረዳሁ። በሌላው የማጥመድ ዘዴ ክሩን ወደ ፊት ይዞት የሚሄደው ጫፉ ላይ የታሰረው ክብደት ነው፤ በፍላይ ፊሺንግ ግን ከላባና ከፈትል የተሠራችው ዝንብ ክብደት የሌላት ያህል ስለሆነች፣ ወፍራሙ ክር በዘንጉ ምት ተወርውሮ እሷን ተሸክሟት መሄድ አለበት። ጀማሪው በአንድ እጁ ዘንጉን እያወዛወዘ በሌላው ክሩን መልቀቅና መሰብሰብ ስለሚኖርበት፣ የስምንት ዓመቷ ልጄ ከማጥመዱ ይልቅ እግሯ ላይ የተተበተበውን ክር ስትፈታ ትውል ነበር።

ይህን የለወጠልን ተንካራ ነው። ተንካራ የጃፓን ተራራ አጥማጆች በቀዝቃዛና ፈጣን ጅረቶች ውስጥ ኢዋና፣ ያማሜና አማጎ የሚባሉትን፣ ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ዘመዶች ለመያዝ ያዳበሩት ባህላዊ ዘዴ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዳንኤል ጋልሃርዶ ተንካራ ዩኤስኤ የተባለውን ድርጅት ከመሠረተ ወዲህ ከጃፓን ውጭም በሰፊው ታውቋል። ዘንጉ ክር መጠቅለያ የለውም። አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ እየገባ የሚሰበሰብ የካርቦን ፋይበር ዘንግ ነው፤ ሲዘረጋ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሜትር ተኩል እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፣ ሲሰበሰብ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሆን በልጅ ቦርሳ ይያዛል። ክሩ የሚታሰረው ሊሊያን በምትባል፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ባለች አጭር የተጎነጎነች ፈትል ላይ ነው፤ ርዝመቱም የዘንጉን ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው።

ዘንጉ ረጅም፣ ክሩም ቀላል በመሆኑ ውኃውን የሚነካው ዝንቧና ከእሷ በላይ ያለው ቀጭን ጫፍ ብቻ ነው። በጅረት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈጣኑ ውኃ ክሩን ከያዘው፣ ከድንጋይ ጀርባ በረጋው ውኃ ላይ ያረፈችውን ዝንብ ጎትቶ ይወስዳታል፤ ዓሣውም ከፍሰቱ ጋር የማይሄድ ምግብ ብዙውን ጊዜ አይቀበልም። ልጄ ይህን የተረዳችው እኔ ስላስረዳኋት ሳይሆን፣ ክሩን ከፍ ባደረገች ቁጥር ዝንቧ በቦታዋ ስትቆይላት በዓይኗ ስላየች ነው። ክሩ ስለማይረዝም ደግሞ ወደ ዓሣው መቅረብ ግድ ነው። ዓሣ ዘወትር ፊቱን ፍሰቱ ወደሚመጣበት አዙሮ ስለሚቆም፣ ከታች በኩል፣ ከኋላው፣ ጎንበስ ብለን ቀስ እያልን እንጠጋለን፤ ዝም ማለት የማይሆንላቸው ልጆቼ እዚያ ሲደርሱ በሹክሹክታ ይነጋገራሉ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ዓሣው ከተያዘ በኋላ ያለው ነው። የሚጠቀለል ክር ስለሌለ አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላ ከፍ አድርጎ ዓሣውን ወደ ራሱ ያቀርባል፣ ከዚያም ክሩን በእጁ ይይዛል። ለአንድ ልጅ ይህ አስቸጋሪ በመሆኑ ሌላው መረቡን ይዞ ከጎኑ ይቆማል። ለዚህ ነው ለሁለቱ አንድ ዘንግ ብቻ የያዝነው፤ ሁለት ዘንግ ቢኖራቸው ኖሮ ተለያይተው ይሄዱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ባለቤቴ በሐይቅ ላይ አሁንም ባለ መጠቅለያውን ዘንግ ትመርጣለች፤ ልክ ናት፣ ሩቅ ለመወርወርና ክር ጎትቶ የሚሮጥን ትልቅ ዓሣ ለመቋቋም ተንካራ አይመችም።

የማንደራደርባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ሁላችንም መነጽር እናደርጋለን፤ የመንጠቆዎቻችንን ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ በጉጠት እናስተኛለን። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነጎድጓድ እንደሰማን ዘንጉን እንሰበስባለን። ዓሣውን የምንነካው እጃችንን አርሰን ነው፣ ደረቅ እጅ የሚከላከልለትን ልጋግ ይገፍበታልና። የውኃው ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ደግሞ ትራውት ስለሚጎዳ ማጥመዳችንን እናቆማለን።

ልጄ አሁን ኬባሪ የሚባሉትን የተንካራ ዝንቦች ራሷ መሥራት ጀምራለች። የምትወደው ላባው ወደ ፊት፣ ወደ መንጠቆው ዓይን የተዘረጋውን ዓይነት ነው፤ ክሩን ቀስ ብለው ሲስቡት ላባው ውኃ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ሕይወት ያለው ይመስላል። ባለፈው ጊዜ ታላቅ ወንድሟ እሷ በሠራቻት ዝንብ አንድ ትንሽ ትራውት ሲይዝ፣ መረቡን ይዛ ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ የነበረችው እሷ ናት።