ባለሙያ

ዛሬ እሁድ ነው። ለንደን ከጠዋት ጀምሮ ታካፋለች። ከአልጋ መነሳት አላሰኘኝም ነበር። ምንም የሆንኩት ነገር የለም፣ ብቻ ሆድ ብሶኛል። እንዲህ ሲለኝ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሌላ መድኃኒት አላውቅም።

ስድስት ራስ ከትፌ ያለ ዘይት ጣድኩት። መስኮቱን ከፈትኩ። ካፖርቴን ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ መኝታ ቤት አስገባሁ። ነገ ሥራ አለ፣ ባቡር ውስጥ ቁሌት ቁሌት መሽተት አልፈልግም። ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ጠርዙ ቡናማ ሲል ያ የማውቀው ጠረን ተነሳ። ቤቱ ባንዴ የእማዬን ጓዳ ሆነ። ያኔ አስማ ካን ትዝ አለችኝ፣ እዚሁ ለንደን ሬስቶራንት ያላት የሕንድ ተወላጅ።

እሷንም ያስለቀሳት ጠረን ነው። ከሕንዷ ኮልካታ ወደ እንግሊዟ ካምብሪጅ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፣ ባሏን ተከትላ። ምግብ መሥራት አትችልም ነበር። አንድ ቀን በመንገድ ስታልፍ ከማታውቀው ሰው ቤት የፓራታ ጠረን መጣባት። ፓራታ ተነባብሮ በቅቤ የሚጠበስ ቂጣ ነው። እዚያው ቆማ አለቀሰች። በኋላ አገሯ ተመልሳ ከእናቷ ጓዳ ተማረች። እኔ ግን ሁሌ የማስበው ያቺን የመንገድ ላይ ደቂቃ ነው። በሩን ማንኳኳት አምሯት ይሆናል። እኔ ብሆን አምሮኝ ነበር።

ከዚያ ሕግ ተማረች። በ2012 ከኪንግስ ኮሌጅ ለንደን በሕገ መንግሥት ሕግ ዶክትሬቷን ያዘች። ጥብቅና አልቆመችም። በዚያው ዓመት ገደማ ቤቷ ውስጥ እንግዳ እየተቀበለች፣ እያስከፈለች ማብላት ጀመረች። አብረዋት ድስት የሚጥዱት እንደ እሷው የተሰደዱ ሴቶች ነበሩ። በሞግዚትነት ልጅ የሚጠብቁ፣ ቤት የሚውሉ። በ2017 በለንደኑ ሶሆ ሰፈር፣ ኪንግሊ ኮርት በሚባለው ግቢ፣ ዳርጂሊንግ ኤክስፕረስ የተባለውን ሬስቶራንቷን ስትከፍት እነዚያኑ ሴቶች ይዛ ገባች። አንዳቸውም የምግብ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ማዕድ ቤቱ እስከ ዛሬ በሴቶች ብቻ ነው የሚሠራው።

እሷ ለቤቷ ሁለተኛ ሴት ልጅ ናት። በዚያ አገር ሁለተኛዋም ሴት ስትሆን ቤቱ ያዝናል። በእኛስ ቢሆን የወንዱና የሴቷ እልልታ ቁጥሩ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል?

ቢሪያኒ የሚባለውን የሩዝና የሥጋ ምግብ አሠራራቸውን ሳይ ደግሞ ልቤ ደንገጥ ይላል። ሥጋውና ሩዙ ከተደራረበ በኋላ የድስቱ አፍ ዙሪያውን በሊጥ ይመረጋል፣ ልክ እንደ ጠላ ጋን። ከዚያ መክፈት የለም። መቅመስ የለም። የምታበስለዋ ሴት በጠረኑና በድምፁ ብቻ ነው መድረሱን የምታውቀው።

ይሄን እኔ አይቼዋለሁ። እማዬ ጋ። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ ወጡ የሚሠራው ግን አርብ ነው። አርብ ጾም ነው። ለ300 ሰው የሚሆን ወጥ ስትሠራ አድራ አንዲት ጠብታ አፏ አይገባም። ጭልፋውን አፍንጫዋ ድረስ ታነሳለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። «ጨው ጎሎታል» ትላለች። ጨው ይጨመራል። ቅዳሜ የቀመሰው ሰው ሁሉ ጣቱን ይልሳል።

ባለሙያ ይሏታል። ሰፈሩ በሙሉ ይላታል። ሐኪሙም ባለሙያ ነው፣ መሐንዲሱም ባለሙያ ነው፣ ዶሮን 12 ብልት አድርጋ የምታወጣዋም ባለሙያ ናት። ቃሉ አንድ ነው። የእማዬ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ግን «ሥራ» በሚለው መስመር የተጻፈው «የቤት እመቤት» ነው። ለዚህ ሁሉ ዘመን፣ ለዚያ ሁሉ ሠርግና ክርስትናና ተዝካር፣ አንድ ብር ተቀብላ አታውቅም። የጭሱ ነገር ዓይኗ ላይ ቀርቷል።

ብትቀበልስ ኖሮ? እሱንም አስቤዋለሁ። ጎረቤት ምን ይላል? እኔ ተመርቄ የሄድኩ ቀን ያን ሁሉ ሽንኩርት የላጡት እነማን ናቸው? እነሱም አልተከፈላቸውም። ይሄ ዕዳ በብር ይቆጠር ቢባል የቱ ጋ ይጀመራል? ግን ደግሞ በየአረብ አገሩ የሰው ጓዳ ውስጥ ያሉ እህቶቻችንን አስባለሁ። እጃቸው ላይ ያለውን የሚያውቅ፣ «ነይ፣ ይሄ ሙያሽ ነው፣ ስምሽ ይጠራበት» የሚላቸው አንድ ሰው ቢያገኙስ? አስማ ካን ያደረገችው ይሄን ነው። ሬስቶራንት የሚከፍት ሞልቷል። እሷ ግን ጓዳ ውስጥ የነበረውን ሙያ አውጥታ ደመወዝ ቆረጠችለት።

ወደ ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። ልትወጣ ነበር። እትዬ እ. ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ የዕድሩን ድስት ልትቆጥር ነው የምትሄደው።

«ጉልበትሽስ?» አልኳት።

«ደህና ነው፣ ቁጭ ብዬ ነው የምከትፈው።»

«እማ፣ ስንት ይከፍሉሻል?»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም።

«አንቺ በልተሻል ግን?» አለችኝ ቆይታ።

በልቻለሁ አልኳት። ተሰነባበትን። ይኸው እስካሁን አልተኛሁም። ተቀይማኝ ይሆን? ወይስ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ ስለማያውቅ የምትመልሰው ጠፍቷት ነው?