ዙር ቆጣሪው፦ ገመድ አልባ የብስክሌት ስፒዶሜትር አገጣጠምና ልኬት

ገመድ አልባ ስፒዶሜትር ገዝቶ የገጠመ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ግን ልክ ነው?" ብሎ ነው። ልክነቱ ያለው እናንተ በምትሞሉለት ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ላይ ነው። ዕቃው ፍጥነት የሚባል ነገር አያውቅም። በቸርኬው ሽቦ ላይ የታሰረችው ማግኔት በሰንሰሩ ፊት ባለፈች ቁጥር አንድ ብሎ ይቆጥራል፤ ያንን በሰጣችሁት የጎማ ዙሪያ ያባዛል፤ ለጊዜው ያካፍላል። በቃ። ባለ 26 ጎማ ብስክሌት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ቸርኬው በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ሥራው ያንን ሳይዘል መቁጠር ነው። ስለዚህ በዋናነት የሚሳሳትባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፦ አንድም ዙር ይዘላል ወይም ይደግማል፣ አንድም የጎማው ዙሪያ በስህተት ተሞልቶለታል።

ካርቶኑ ውስጥ የምታገኙት ማሳያውን፣ ማሳያው የሚሰካበትን መቀመጫ፣ ሰንሰሩን፣ ማግኔቷን፣ ከስር የሚነጠፍ ላስቲክና የፕላስቲክ ማሰሪያዎች ነው። ማሳያው ብዙውን ጊዜ ሲ.አር. 2032 የተባለችውን ሳንቲም መሳይ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ይወስዳል። ሰንሰሩ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ያችኑ ሲ.አር. 2032፣ አንዳንዱ ደግሞ 23ኤ የሚባለውን አጭር ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው የሚፈልገው። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ፤ ባለ 12 ቮልቱ በየሱቁ አይገኝም። ከመሣሪያ ትንሽ ካቻቢቴ፣ መቀስ፣ ጠመኔና ባለ 5 ሜትር መለኪያ ይበቃል።

ምንም ከማሰራችሁ በፊት ሰንሰሩን ጠረጴዛ ላይ ፈትሹት። ባትሪውን አስገቡና ጆሮአችሁ ላይ አስጠግታችሁ ማግኔቷን በፊቱ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፏት። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው በመስታወት ቱቦ የታሸገ ቀጭን የብረት ምላስ ነው፤ ማግኔት ሲቀርበው ይገጥማል፣ ሲርቀው ይለቃል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ትንሽ "ጠቅ" ትሰማላችሁ። ጠቅታው ካለ ምላሱ ደህና ነው፤ በኋላ ቢያስቸግር ጥፋቱን ከርቀት፣ ከባትሪ ወይም ከአቀማመጥ ፈልጉ። ሰንሰሩ ወድቆ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ግን ጥገና የለውም።

አሁን ወደ ፎርኬላው፣ የፊቱን ጎማ በግራና በቀኝ ወደያዘው ሹካ። ሰንሰሩን የት ከፍታ ላይ እናስረው የሚለው ነገር ብዙ ያከራክራል፤ "ወደ ሞዞው (ሽቦዎቹ ወደሚነሱበት የቸርኬው መሃል) ከቀረበ ፍጥነቱን አሳንሶ ያሳያል" የሚሉም አሉ። አያሳንስም። ማግኔቷ ከላይም ሆነች ከታች በአንድ ዙር የምታልፈው አንዴ ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው። ሽቦዎቹ ወደ ሞዞው ሲቀርቡ ወደ ጎን ይሰፋሉ፣ ወደ ቸርኬው ጠርዝ ሲሄዱ ይጠባሉ፤ ስለዚህ ዝቅ ስትሉ ማግኔቷ ለፎርኬላው ትቀርባለች፣ ሰንሰሩ ግን ከማሳያው ይርቃል። ርካሾቹ ዕቃዎች ምልክታቸውን የሚልኩት ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። የትልቅ ፍሬም ብስክሌት ላይ ሰንሰሩን ሞዞው አጠገብ ካሰራችሁት ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የእኛ ምክር፦ ማግኔቷ በደንብ እስከቀረበች ድረስ ሰንሰሩን ወደ ላይ አውጡት፤ ከዚያ ከሰንሰሩ እስከ ማሳያው ቀጥታውን በሜትር ለኩ። ፎርኬላው ሞላ ካለው የምትለኩት ማንም ሳይጫንበት፣ ሞላው በተዘረጋበት ጊዜ ነው፤ በጣም የሚራራቁት ያኔ ነውና። የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ዲስኩ በግራ ስለሚሆን ሰንሰሩን በቀኝ በኩል እሰሩት።

ቅርበቱ ከሁሉም ይበልጥ ያስቸግራል። በማግኔቷና በሰንሰሩ መካከል 5 ሚሊ ሜትር አትለፉ፤ 3 ወይም 4 ቢሆን ይመረጣል። መለኪያ ፍለጋ አትድከሙ፤ ሁለት የክብሪት እንጨት ጎን ለጎን ይዛችሁ መሃሉ ላይ አሳልፉ። እንጨቶቹ ሳይጨናነቁ ካለፉ፣ ሦስተኛዋን ስትጨምሩ ካልገቡ፣ ልክ ነው። ሰንሰሩ ላይ መስመር ወይም ቀስት ተቀርጾበታል፤ ማግኔቷ ማለፍ ያለባት በዚያ መስመር ላይ እንጂ የሰንሰሩ መሃል በመሰላችሁ ሌላ ቦታ አይደለም። ላስቲኩን ከስር ሳታነጥፉ አትሰሩት፤ ያለ ላስቲክ የታሰረ ሰንሰር ኮብልስቶን ላይ ሁለት ቀን ሳይቆይ ዞሮ ሽቦው ውስጥ ይገባል። ማሰሪያውን መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ አጥብቁ፣ የተረፈውን ጭራ ከሥሩ ቁረጡ። የማግኔቷን ብሎን ግን በልክ፤ ፕላስቲክ ነው፣ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። አጥብቃችሁ ስትጨርሱ ማግኔቷና ሽቦው የሚገናኙበት ላይ በጥፍር ቀለም ትንሽ ነጥብ አድርጉ። ማግኔቷ ከተንሸራተተች ነጥቡ ለሁለት ተከፍሎ ታዩታላችሁ።

የፊቱን ጎማ አንስታችሁ በእጅ አዙሩት። በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ቁጥር መምጣት አለበት። ካልመጣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ የሰንሰሩ ባትሪ በተገላቢጦሽ ገብቶ እንደሆነ፣ ቅርበቱ፣ የማግኔቷ ፊት (ብዙዎቹ በአንድ ጎናቸው ብቻ ነው የሚሠሩት)፣ ከማሳያው ያለው ርቀት። ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ወይ በሽቦው ላይ የቀድሞ ዕቃ ማግኔት ቀርቷል፣ ወይ ማግኔቷ ጎኗን ሰጥታ ስለምታልፍ ምላሱ በአንድ ማለፍ ሁለቴ ይገጥማል። ሁለተኛው ከሆነ ማግኔቷን ትንሽ አሽከርክሯት ወይም አንድ ሚሊ ሜትር አርቋት። ከምትገምቱት በግምት 62 በመቶው ብቻ ሲያሳይ ሌላ አትፈልጉ፤ በማይል ላይ ነው ያለው፣ ወደ ኪሎ ሜትር መልሱት።

ብስክሌቱ ቆሞ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ምልክት እየገባበት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከጎኑ የታሰረው ርካሽ የፊት መብራት ነው። መብራቱን አብሩ፣ አጥፉ፣ ማሳያውን እዩ። አብሮት የሚመጣ ቁጥር ካለ መብራቱን ከማሳያውም ከሰንሰሩም አርቁ። ተመሳሳይ ዕቃ ያለው ጓደኛ ጎን ለጎን ሲነዳም የእሱን ዙር እናንተ ላይ ሊቆጥር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ቁጥር። አምራቾች ሰንጠረዥ ይሰጣሉ፦ ለ26×1.75 ጎማ 2023፣ ለ26×1.95 2050፣ ለ26×2.10 2068፣ ለ27.5×2.1 2148፣ ለ29×2.1 2288፣ ለ700×25 2105፣ ለ700×28 2136 ሚሊ ሜትር። መጠኑ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። አንዳንዱ ዕቃ በሴንቲ ሜትር ሦስት አሃዝ ነው የሚቀበለው፤ ያኔ 2050ን 205 ብላችሁ አስገቡ። የሰንጠረዡን ቁጥር ጨርሶ አለመሙላት ግን ያሳፍራል። ባለ 26×1.95 ጎማ ብስክሌት ላይ 2155 ተሞልቶ ቢቀር 5 በመቶ አብልጦ ያወራል፤ 40 የሆነውን 42 ይላል፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ገደማ ኪሎ ሜትር 137 ያደርገዋል። ሰው ሲፎክር የምትሰሙት አብዛኛው ፍጥነት እንዲህ ካለ ማሳያ የመጣ ነው።

ሰንጠረዡም ቢሆን የእናንተን ክብደትና ጎማው ውስጥ የነፋችሁትን ነፋስ መጠን አያውቅም። ሰው ሲቀመጥበት ጎማው ከስሩ ይጠፈጠፋል፣ ዙሪያው ያጥራል፤ ስለዚህ በራሳችሁ ጎማ ለኩ። ጎማውን ሁልጊዜ በምትነዱበት ልክ ንፉ። ደልዳላ አስፋልት ወይም ሊሾ ወለል ምረጡ፤ ኮብልስቶን ለዚህ አይሆንም፣ ጎማው በየድንጋዩ መሃል ስለሚወርድ። የመንፊያው አፍ ልክ ወደ መሬት ሲያመለክት መሬቱ ላይ በጠመኔ አስምሩ። ተቀመጡበት፣ አንድ ሰው ይደግፋችሁ፣ ሳታወላግዱ ቀጥ ብላችሁ ሁለት ሙሉ ዙር ሂዱ፤ አፉ እንደገና ወደ መሬት ሲያመለክት አስምሩ። ሁለት ዙር የምንለው ባለ 5 ሜትር መለኪያ ለባለ 29 ጎማም ቢሆን ስለሚበቃው ነው። ርቀቱን ለሁለት አካፍሉ። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ምሳሌ፦ 4 ሜትር ከ5.6 ሴንቲ ሜትር ከመጣ፣ 4056 ለ2 ሲካፈል 2028 ነው። ከሰንጠረዡ 2050 በ22 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ 1 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ምልክታችሁ በአንድ ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ ስህተቱ ሩብ በመቶ ብቻ ስለሆነ ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ርቀቱን የሚያውቀው መንገድ ላይ ይንዳ። አንድ ኪሎ ሜትር ግን አይበቃም፤ ማሳያው የሚያሳየው በ10 ሜትር ደረጃ ከሆነ በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ 1 በመቶ ልክ ያልሆነ ነገር ከራሱ ማሳያው ይመጣል። ቢያንስ 5፣ ከተቻለ 10 ኪሎ ሜትር። ከዚያ፦ አዲሱ ቁጥር የድሮው ቁጥር ሲባዛ በእውነተኛው ርቀት፣ ሲካፈል ማሳያው ባለው ርቀት። 2050 ተሞልቶ 10 ኪሎ ሜትሩን 10.18 ካለ፣ ትክክለኛው 2014 ነው።

ከስልክ ጂ.ፒ.ኤስ. ጋር ማነጻጸር ይቻላል፣ መንገዱን ግን ምረጡ። ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳማ ክፍል ለዚህ ደህና ነው፤ ሰማዩ ክፍት፣ ጠመዝማዛው ጥቂት። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን አትጠቀሙበት። ስልኩ ጠምዛዛውን እያቋረጠ ስለሚስል ርቀቱን ያሳጥራል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ሳተላይት የለም፣ ማግኔቷ ግን መቁጠሯን አታቆምም። ቁልቁለቱ ራሱም አለ፦ ካርታ ላይ የተለካ ርቀት አግድሙን እንጂ ተዳፋቱን አይለካም፤ 10 በመቶ ቁልቁለት ላይ ጎማው የሚሄደው ከካርታው በግማሽ በመቶ ይበልጣል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ዓይናችሁ ማሳያው ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ይሁን፤ ከፍተኛውን ፍጥነት ዕቃው ራሱ ይይዝላችኋል፣ ታች ደርሳችሁ ታዩታላችሁ።

ብርዱን የማያውቅ ሰው ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በወረደበት ማለዳ የማሳያው ፊደል ይደበዝዛል፣ ቁጥሩም እየተጎተተ ነው የሚቀየረው። ፈሳሽ ክሪስታሉ በብርድ ስለሚዘገይና የባትሪው ጉልበት ስለሚወርድ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። ማታ ማሳያውን ነቅላችሁ ቤት አሳድሩት። ማለዳ ላይ ብቻ ዙር የሚዘል ከሆነ ግን የሰንሰሩ ባትሪ ማለቁ ነው፤ ሞቅ ሲል ቢሠራም አትታለሉ፣ ቀይሩት። ክረምት ላይ ደግሞ ጉምና ጭቃ በክዳኑ ላስቲክ በኩል ይገባል። የባትሪውን ቤት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ አረንጓዴ ዝገት ካለ በእርሳስ ላጲስ ፈግፍጉት፤ በግፊት ውኃ አትጠቡት።

የማሳያውን ባትሪ ስትቀይሩ በብዙዎቹ ላይ የተሞላው ሁሉ ይጠፋል፤ የጎማው ዙሪያም፣ እስካሁን የሄዳችሁት ድምር ኪሎ ሜትርም። አንዳንዱ ድምሩን መልሳችሁ እንድትሞሉ ይፈቅዳል። ስለዚህ የለካችሁትን ቁጥር፣ የጎማውን መጠንና የነፋሱን ልክ በትንሽ ወረቀት ጻፉና በናስትሮ ጠቅልላችሁ ከኮርቻው ስር ለጥፉት፤ ድምሩን ደግሞ ባትሪውን ልታወጡ ስትሉ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። ጎማ ስትቀይሩ ያችን ወረቀት ቅደዷትና እንደገና ለኩ፤ ከ1.95 ወደ 2.10 መሄድ ብቻውን ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይጨምራል።